በምግብ ቧንቧዬ የወረደው ውርጭ

በዚያ ጠዋት በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ ሁለት ነርሶችና የባለቤቴ ወንድም። እርሱም እንቅልፍ እስኪወስደኝ ብቻ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነው። ባለቤቴ ፒያሳ ከቀድሞ የማስተማር ባልደረቦቼ ጋር የምውል መስሏት ነበር፤ እንዲመስላት ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቃር ስለበረታብኝ ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፌ አስገብቶ የምግብ ቧንቧዬን አይቶ፣ ናሙናም ወስዶ ነበር። የተገኘው ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ነገር ግን ወደዚያ መንገድ የጀመረ ሕዋስ ነው። ሻይና ገንፎ እንዴት አድርጌ እንደምወድ ጠየቀኝ። «እንደፈላ» አልሁት፤ የሚፋጅ ነገር ቧንቧውን እንደሚጎዳ ነግሮኝ ጻፈው። በመጀመሪያ የታመመውን ገጽ በብርድ ማጥፋት ይሞከራል፤ ያ ካልሠራ ግን ደረት ከፍቶ ቧንቧውን መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። በሰባ አንድ ዓመቴ ደረቴን ማስከፈት አልፈለግሁም።

አጃቢ ሳይኖረኝ እንደማያደነዝዘኝ ሐኪሙ ሲያስታውቀኝ የባለቤቴን ወንድም መረጥሁ። ምክንያቴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ብልሃት መስሎኝ ነበር። አማቼ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በግቢው የወተት ላሞች ያረባል፤ ወሬ ስለሚያበዛም የሚናገረውን የሚያምነው የለም። ምስጢሬን ቢያወጣው እንኳ ምስጢር ሆኖ ይቀራል ብዬ አሰላሁ።

አንዷ ነርስ ጎማ ያለው የብረት ገንቦ እየገፋች ገባች። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጉም በአፉ ዙሪያ ፈሰሰ።

«ጋሼ! ይቺን ገንቦማ አውቃታለሁ!» አለ አማቼ። «ላሞቼን የሚያዳቅለው ባለሙያ በሞተር ሳይክል ይዟት ይመጣል።»

«ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ። «እርስዎ ጋ ሲመጣ የኮርማ ዘር ይዞ ነው። በዚህኛው ውስጥ ግን ምንም ዘር የለም።»

«አረጋግጠዋል፣ ዶክተር?»

«አባባ፣ ይህን ሰውዬ ማን አስገባው?» አለችኝ ነርሷ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት።

«እኔው ነኝ» አልሁ።

«ጋሼ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ጥጃ ከመጣ እኩል ነው የምንካፈለው!»

ስቄ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። የሆነውን የማውቀው ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ ነው፤ ቅዝቃዜውን በቱቦው በኩል በታመመው ገጽ ላይ ረጭቶ፣ ገጹ ውርጭ እንደመታው ማሳ ነጭ ሲሆን አቁሞ፣ እስኪቀልጥ ጠብቆ ደግሞታል። ፈሳሹ ጋዝ ሆኖ ሆዴን እንዳይነፋው በሌላ ቱቦ ያስወጡት ነበር።

ነቅቼ ከክፍሉ ሲያወጡኝ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ባለቤቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ መናኸሪያ ሱቅ ያለው ወዳጄ፣ የእድር ሰዎች። ሁለት ሴቶች ፔርሙስ ታቅፈዋል።

«ለእሱ ነግረህ ለእኔ?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ እኮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት» ብሎ ወንድሟ ጣልቃ ገባ።

«ለማን?»

«ለእድሩ ጡሩንባ ነፊ።»

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። ስሌቴ የት እንደተሳሳተ የተረዳሁት በኋላ ነው፤ አማቼ ነገሩን ሲናገር እያለቀሰ ስለነበር ሁሉም አመነው።

በፔርሙሱ የነበረው የሚፋጅ አጥሚት ነው። ነርሷ ለሁለት ቀን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብቻ እንደተፈቀደልኝ ስትናገር አንዲት አዛውንት ጎረቤት ተቆጡ።

«በሽተኛ በቀዝቃዛ? ልትጨርሱት ነው እንዴ?»

ባለቤቴ አጥሚቱን ወደ ቤታችን ወስዳ፣ አብርዳ በማንኪያ አጠጣችኝ። እየዋጥሁ ደረቴን ይወጋኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከ«ዋጥ» በቀር ቃል አልሰጠችኝም፤ በአራተኛው ቀን «ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ» ብላ ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ታረቅን ማለት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ የሄድሁት ከእርሷ ጋር ነው። አዲስ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪደርስ የነበሩትን ቀናት በከተማችን ሐይቅ ዳር እየተራመድን አሳለፍናቸው፤ ስለ ፍርሃቴም ጥቂት ነገርኋት።

«የታመመ ሕዋስ አላገኘንም» አለ ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኛ አዙሮ። «በየጊዜው መታየት ይኖርብዎታል። ለአሁኑ ግን ቢላዋ አያስፈልገንም።»

ባለቤቴ የኮቴን እጅጌ ይዛ እስከ ሆስፒታሉ ግቢ በር ድረስ አለቀቀችም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ ቤታችን መጡ። ነገሩ እንዴት እንደነበር አንዱ ጠየቀኝ። በአጭር መልስ የታወቅሁት ሰው ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ናይትሮጅን ጠባይ፣ አየር እንዴት እየቀዘቀዘ ፈሳሽ እንደሚሆን። አንዱ ልጆቹን አስቦ ተነሣ፤ ሌላው ሱቁን። ባለቤቴ በዓይኗ ብትጠቅሰኝም አላቆምሁም። ስጨርስ ከአሥራ ስድስቱ እንግዶች የቀሩት አራት ነበሩ፤ ከአራቱም አንደኛው ተኝቷል።