በግዝት የታጠረው ማረፊያችን

ትናንት ከቀትር በኋላ... አጥር ሲሄድ አየሁ። አትሳቁ፣ ጠላ አልቀመስኩም።

ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ስትወጡ ትንፋሽ የሚያልቅባትን ሜዳ ታውቋታላችሁ። ድሮ የቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች ይታሰሩባት ነበር። የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ የቀረልን ፋንድያና ሳማ ብቻ ነው።

«ይቺን ሜዳ ለምን የሁላችን ማረፊያ አናደርጋትም?» ብሎ የጀመረው አባቴ ነው። ጉልበቱ ስለደከመ ለራሱ አስቦ ነው እያሉ ያሙት ነበር... እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ቤት ለቤት እየዞረ ሰፈሩን በሙሉ አስነሳ። ያለው አሞሌ ጨው አዋጣ፣ የሌለው በጉልበቱ መጣ። ሥራ የማልወደው እኔ እንኳ ሳማ ስነቅል እጄ አብጦ ሰነበተ።

የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ሙሄ፣ በበቅሎዎቻቸው ድንጋይ አስጭነው ላኩ። ከአሮጌው ወይራ ሥር የድንጋይ መቀመጫ ተሠራ፣ ከላይ በኩል የጽድ ችግኝ ተተከለ፣ ሜዳው ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ።

ምን ዋጋ አለው፣ ሰዉ አጥሩን እየከፈተ ከብቱን ያስገባ ጀመር። የደብራችን ቄስ መምሬ ተክሌ ተቆጡ። ሌሎች ሁለት ቄሶች አስከትለው መጡና መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ።

«ችግኙ አድጎ ጥላ እስኪሆን ድረስ ይህን አጥር አልፎ የገባ፣ በሦስታችን ቃል የተገዘተ ይሁን።»

እሰይ አልን። ተደስተን ወደየቤታችን ልንሄድ ስንል... መቀመጫውም ያለው አጥሩ ውስጥ እንደሆነ ትዝ አለን።

አባቴ ክው አለ። ጽድ ጥላ እስኪሆን እሱ የለም። «መምሬ፣ ይፍቱን» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። መምሬም ሳያስቡት እንደተናገሩ ፊታቸው ያስታውቃል፣ ግን በቃላቸው ቀልድ አያውቁም። «ከሁለቱ ጋር እንመካከርበታለን» አሉ። ሳይመካከሩ ሁለቱ ቄሶች ግቢውን ተከትለው እንጦጦ ገቡ። ከዚያ ወዲህ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «ሦስት ሆነን ያሰርነውን ብቻዬን አልፈታም።»

ለፍተን የሠራነውን ቦታ ከውጭ ሆነን ማየት ሥራችን ሆነ። ሐጂ ሙሄን ግዝቱ አይይዛቸውም፣ ብቻቸውን መግባት ግን አልፈለጉም። በመጡ ቁጥር ከአባቴ ጋር አጥሩ ሥር፣ አቧራው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በበኩሌ ያንን እሾህ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ትናንት ሐጂ ሊሰናበቱ መጡ። በማግስቱ ወደ ሐረር ሊወርዱ ነው። ሲመለሱ አባቴን በሕይወት ያግኙት አያግኙት እንጃ... ሁለቱም ያውቁታል፣ ግን አያወሩትም።

«ሐጂ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ አንዴ እንኳ አብረን ሳንቀመጥ ልትሄድ ነው» አለ አባቴ።

ሐጂ ድንጋዩን አዩ፣ ችግኙን አዩ፣ እሾሁን አዩ። ከዚያ አጠገባችን ወደቆሙት መምሬ ዞሩ።

«መምሬ፣ የተገዘተው አጥሩን ያለፈ ሰው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔንና አሽከሮቼን ይይዘናል?»

«በእናንተ ላይ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«አጥሩ ራሱስ ወደ ላይ ቢሄድ?»

መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ስለ አጥሩ... ያልነው ነገር የለም» አሉ በመጨረሻ።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ፣ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ።

አሽከሮቻቸው ገብተው በታች በኩል ያለውን እሾህ በባላ እንጨት እያነሱ ወደ ላይ፣ ወደ ችግኙ ይገፉት ጀመር። አጥሩ አንድ ክንድ ሲሄድ እኛም አንድ ክንድ እንከተላለን። ሰፈሩ ሰምቶ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። መምሬ ከፊት ከፊት እየሄዱ እግር እግራችንን ያያሉ። «ቀስ... ቀስ በሉ። አንቺ፣ አጥሩን አትቅደሚው» አሉኝ። እኔ እንደሆነ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

አጥሩ ወይራውን አልፎ ችግኙ ጋ ሲደርስ ቆመ። መቀመጫው ከእኛ ወገን ቀረ። መምሬ አንዴ ዞረው አዩና «ማንም አላለፈም» ብለው ፈረዱ።

አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ሄዶ ተቀመጠ። ሐጂም አጠገቡ። እንባዬ መጣ፣ ደስ አለኝ። «እንዴት ነው?» ስለው «ድንጋዩ ይቀዘቅዛል» አለኝ፣ ፊቱ ግን በራ። ጀንበር እስክትጠልቅ ሲሳሳቁ ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ የአባቴ መደብ ባዶ ነው... ደንግጬ ሮጥኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ የሐጂ በቅሎዎች ቁልቁል ሲወርዱ ያያል። መምሬ ደግሞ አጠገቡ ቆመው «እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ይሉታል።

«እዚያ ማዶ ይቀመጡ መምሬ፣ ይሄ የሐጂ ቦታ ነው። እስኪመለስ እጠብቅለታለሁ» አላቸው።

ቄስን የገዘተ ሰው ያየሁት ገና ዛሬ ነው።