ሐሙስ፣ ዝናብና የአባዬ ብየዳ

ዛሬም ወሰን በሚባለው ሰፈር በበር ሠሪዎች ደጃፍ ሳልፍ የተቃጠለ ብረት ሽታ ሲቀበለኝ፣ ሌላው አፍንጫውን ይዞ ሲፈጥን እኔ እርምጃዬን ቀንሼ ደረቴ እስኪሞላ እስበዋለሁ፤ ልቤም እንደ ልጅነቴ መዝለል ይጀምራል።

የራሳችን መኪና ኖሮን አያውቅም። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ጋራዥ የሠሩት አያቴ አንድ ቀን መኪና ይገባበታል ብለው ነበር፤ መኪናው ሳይመጣ እሳቸው አለፉ። እናቴ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድራ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰፈሩ እናቶች ጋር ትጸልይበት ነበር። አባዬ ይሠራበት የነበረው የብረታ ብረት ድርጅት በተዘጋበት ዓመት፣ መስከረም ጠብቶ እንጦጦ በአደይ ሲደምቅ፣ ጋራዡ መሃል ቆሞ ግድግዳውን በክንዱ ሲለካ አገኘሁት።

«እዚህ ጋ ጠረጴዛው፣ እዚያ ሞርሳው፣ እዚህ ደግሞ የብየዳ ማሽኑ!» አለኝ ዓይኑ እያበራ።

«ጸሎቱስ?» አለች እናቴ ከኋላችን።

«አስቴርዬ፣ ሐሙስን አልነካብሽም። ቃሌ ነው።»

እናቴ ወንበሮቹን ወደ ጥግ ትገፋ ጀመር።

በጋው ሲገባ ዕቃው አንድ በአንድ መጣ። ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ በጋሪ ተጭኖ የደረሰ ዕለት ከትምህርት ቤት ሮጬ ገብቼ፣ እጀታውን እያሽከረከርኩ እርሳሴን፣ ማንኪያ፣ በመጨረሻም ጫማዬን በብረት መንጋጋው አስነከስኩት። አባዬ መዶሻውንና መጋዙን ግድግዳው ላይ ሲሰቅል እኔ በከሰል ዙሪያቸውን እየሳልኩ የየራሳቸውን ቦታ እሰጣቸው ነበር፤ እናቴ ነጩን ኖራዋን አይታ ጭንቅላቷን ይዛ ወጣች። ማሽኑ መንጣጣት ሲጀምር አባዬ «ቤቲ፣ ብርሃኑን እንዳታዪ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ በደስታ እዘል ነበር።

ሥራው ግን ቶሎ አልመጣም። ማጠፊያው የተነቀለ በር፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ ከዚያ ያለፈ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ግን አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው የመስኮት ፍርግርግ አዘዘ፤ ዓርብ ጠዋት ካልደረሰለት ሌላ ጋ እንደሚወስደው አስጠነቀቀ። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። መብራቱ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ እናቶቹ ተሰብስበው መዝሙር እንደጀመሩ።

አባዬ ብረቱን ታቅፎ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ዝናቡ ከጣሪያው እየተንዠቀዠቀ ትከሻውን ያርሰዋል፤ ቃል ገብቷልና ከበሩ አላለፈም። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ገብቼ «መብራት መጥቷል!» አልኩ።

«ቤቲ!» አለች እናቴ።

ጸሎቱን የሚመሩት በዕድሜ ትልቋ እማማ ዘነበች ወደ በሩ ዞሩ። «የቤቲ አባት፣ ዝናብ ላይ ምን ያቆምሃል? ግባና ሥራህን ሥራ እንጂ።»

«ሐሙስ ነው እኮ እማማ። ለአስቴር ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያ ትናገር እሷ።»

ሁሉም እናቴን አዩዋት። እሷ አባዬን ከእርጥብ ፀጉሩ እስከ ጫማው ድረስ አየችው። ከዚያ ተነስታ፣ ወንበሯን አንስታ፣ ወደ ግድግዳው አዞረችው። «ሁላችሁም አዙሩ፤ ብርሃኑ ዓይን ያማል» አለች።

«ጮክ ብሎ መጸለይ እንደሆነ ማን ብሎን!» አሉ እማማ ዘነበች፤ ሳቅ ሆነ።

ወንበሩ ሁሉ ዞረ። እናቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ሲዘምሩ፣ ማሽኑ ሲንጣጣ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ፊቴን እናቴ ጭን ውስጥ ቀብሬ ከደስታ ብዛት እንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ ፋታ ሲወስድ እናቴ «ጌታ ሆይ፣ እጁን ባርክለት» ስትል ሰማኋት፤ ስለ ጋራዡ ሥራ ደግ ቃል ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰውየው መጥቶ ፍርግርጉን እያገላበጠ አይቶ፣ የግቢ በርም አዘዘ።

ዛሬ አባዬ አስፋልት ዳር ሠራተኞች ያሉት ሰፊ የብየዳ ቤት አለው፤ እነእናቴም የድምፅ ማጉያ ያለው አዳራሽ አላቸው። እኔም ክፍሉ የበዛ ቤት ውስጥ እኖራለሁ፤ ባለቤቴ በሩን ዘግቶ ይሠራል፣ ልጄም በሩን ዘግቶ ያጠናል፣ ማንም የማንንም ቦታ አይሻማም። ራት ሲደርስ የምጠራቸው በስልክ ነው።