የግቢያችን ውሃ ልክ

በረዳት አሰልጣኝነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማስተር ታደሰ የሰጠኝ መሣሪያ ባልዲ ነበር። ከደሴ ፒያሳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለችው የቴኳንዶ ግቢያችን ወለሏ አፈር ስለሆነ፣ ሰልጣኞች ከመምጣታቸው በፊት ውሃ መርጨት ነበረብኝ። ውሃው ሁልጊዜ ወደ በሩ ይወርዳል። እኔም በመጥረጊያ እየመለስኩት ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ማስተር ንግግር አያበዛም። «አፕ ቻጊ ከቻሉልህ ሌላው ይመጣል» አለኝ። አፕ ቻጊ የፊት ምት ነው። ጉልበት ወደ ደረት ይነሳል፣ እግር ይዘረጋል፣ ከጣቶች ሥር ባለው ሥጋ ይመታል፣ ከዚያ ታጥፎ ይመለሳል። ጀማሪ ሁሉ የሚረሳው መመለሱን ነው። ማስተር ዕድሜው ገፍቶ ግቢውን ሲለቅልኝም ይህንኑ አስተምር ነበር።

ከሰልጣኞቼ የምሳሳላት ዘሀራ ነበረች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ጉልበቷን ስታነሳ ምላሷን ትነክሳለች። ስንት ጊዜ ተቆጣኋት፣ አልተወችም። አባቷ ጋሽ ሰይድ ግንበኛ ናቸው፤ ስፖርቱን አልወደዱትም። «አንድ ፈተና ትፈተን። ካላለፈች፣ ወላሂ፣ እዚህ ግቢ አትደርስም» ብለውኝ ነበር።

እስከዚያ እዚያው ግቢያችን ይሰጥ የነበረው የቢጫ ቀበቶ ፈተና በዚያ ዓመት ኮምቦልቻ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዘሀራ ጉልበቷን አነሳች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ወደ ፊት ተደፋች። ደገመች፤ ተደፋች። አብረዋት የመጡት ሁለቱ ልጆቼም እንደዚያው። ፈታኙ «ልጆችህን ማነው የሚገፋቸው?» ብሎ ቀለደብኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወደ ደሴ ስንመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ዘሀራ ሚኒባሱ ውስጥ ነጭ ቀበቶዋን አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ» አለች። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሰይድ የልምምድ ልብሷን ሊመልሱ መጡ። ወደ ሥራ እየሄዱ ስለነበር የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተዋል። እኔ ውሃ እየረጨሁ ነው። ሰላም ብለውኝ ወደ በሩ የሚወርደውን ውሃ ቆመው አዩ። ከዚያ ከቦርሳቸው ውሃ ልክ አውጥተው መሬቱ ላይ አጋደሙት። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከፍ ወዳለው፣ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«ሲመቱ ወዴት ዞረው ነው?»

«ወደ ግድግዳው።»

«ሽቅብ ነዋ። ሽቅብ የለመደ ሰው ሜዳ ላይ ይደፋል። ልጄ አይደለችም የወደቀችው፤ ግቢህ ነው።»

አፈርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሽ ሰይድ። ስንት ዓመት ሙሉ ውሃውን እያየሁ...»

«አብሽር። አካፋ አለህ?» አሉኝ።

ሦስት እሁድ ሠራን። እሳቸው በበሩ በኩል ድንጋይ ደረደሩ፣ እኔ አፈር ሞልቼ ጠቀጠቅሁ። ዘሀራ ማንም ሳይጠራት መጥታ አፈር አመላለሰች። ቀበቶዋን መለስኩላት።

ለሁለተኛው ፈተና ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ኮምቦልቻ ወረዱ። ልጃቸው ስትመታ ሁላችንም ወደ ላይ ስናይ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የቆመውን እግሯን ነበር የሚያዩት። «አልተነቃነቀም» አሉኝ በጆሮዬ። ዘሀራ ምላሷን እንደነከሰች ቢጫውን ታጠቀች።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የቆመውን እግር ነው፤ ከእሱም በፊት የቆመበትን መሬት።