ቀኝ እጁን የሚስለው ታማሚ
ሴትዮዋ ሆስፒታል ውስጥ ልጇን እያስታመመች፣ ዓይኗ ከጎኑ ካለው አልጋ አልነቀል አለ። እዚያ የተኛው ሰውዬ ሰዓሊ ነው፤ የጠቆረች ቀኝ እጁ ዛሬ ትቆረጣለች። በግራው እርሳስ ይዞ ያችኑ ቀኝ እጁን ይስላል። አጥንቷን ዳብሶ ቦታውን ያገኝና፣ መሳል ባልለመደች ግራው ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ያጠፋል፤ ደግሞ ይጀምራል።

«ልጄ፣ ጣቶቹ ስድስት ሆኑብህ እኮ» አለችው ሥዕሉን አይታ።

«ይብዙ እንጂ አይነሱ፣ እማማ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚወስዱት አልጋ ገፊዎች በሩ ላይ ሲቆሙ ድምፁ ተለወጠ። «እማማ፣ ጣቶቼን አንዴ ይዘርጉልኝ፤ በራሳቸው አልዘረጋ ብለዋል። የአውራ ጣቴን ሥር ገና አልሳልኩትም። ነገ ግራዬ ከማን ትማራለች?»

የበረደችውን እጅ እንደ አራስ ልጅ መዳፍ ቀስ አድርጋ ከፈተችለት። ገፊዎቹ «ቶሎ በል» ሊሉት ቀርበው፣ የሚገፉትን አልጋ ግድግዳ አስጠግተው ጠበቁት።