«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

ጥብስ ያዘዙኝን መዛኝ እንዲህ ብያቸው አረፍኩ! እስክሪብቷቸው ቆመ።

ከሞጣ ማልጄ በሚኒባስ ቢቸና የመጣሁት ለአስተናጋጅነት የብቃት ምዘና ነው። አንዴ ወድቄያለሁ። የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ዘንድሮ ያላለፈ አይቀጥልም» ብሎናል።

የተግባር ፈተናው ላይ መዛኙ እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ፣ እኔ አስተናግዳለሁ። ሹካና ቢላው ቦታ ቦታውን ይዟል።

ሆቴላችን ውስጥ ጾም ረስቶ ሥጋ ያዘዘ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ ቀኑን አስታውሰዋለሁ፤ መርቆኝ ሽሮ ይበላል። አራት ዓመት የተመሰገንኩበት ልምድ ዛሬ ጉድ ሠራኝ!

«አውቃለሁ፣ ጁምዓ ነው» አሉኝ መዛኙ ረጋ ብለው። «ለመሆኑ ሞጣ ውስጥ ሙስሊም ደንበኛ የለሽም?»

አለኝ እንጂ! ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። ግን ዓርብ ለእነሱ ጾም አለመሆኑን አንድም ቀን ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥብሱ ደረቅ ይሁንልዎ ወይስ ለጋ?» አልኩ። እስክሪብቷቸውን አንስተው ብዙ ጻፉ። በጣም ብዙ።

ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ስወጣ ግን ጠሩኝና «ሞጣ ስመጣ፣ የሙስሊም ሥጋ ካላችሁ፣ ጥብስ አዝዛለሁ፤ ቀኑን እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። ፈገግ ይበሉ አይበሉ አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

እናንተስ፣ ፈተና ላይ ከአፋችሁ ያመለጠው ምን ነበር? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልፈር።