ቀለህና ክሽፍ

በዚያ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር የነበርነው ጋሽ ወልዴ፣ ሙስጠፋ፣ እህቱ ከድጃ፣ የመምህሩ ልጅ ተስፋዬ እና እኔ ነን። ስማችንን እንዲህ አንድ በአንድ እንድቆጥር ያደረገኝ ትናንት ቡታጅራ መናኸሪያ ያየሁት የሚኒባስ ረዳት ነው፤ መኪናው አልነሳ ሲል «የወልቂጤው ጉዞ ከሸፈ!» ብሎ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው በልግ ይመስለኛል፤ ወታደሮች ሰፍረውበት የነበረው ጫካ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ቀለህ ያወጣ ነበር። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀፎ ነው፤ ለእኛ ግን የትምህርት መሣሪያ ነበር፤ በጣት አልያዝ ያለ ቁራጭ እርሳስ የቀለሁ አፍ ውስጥ ሲሰካ ልክ ይሆንና እስከ ሰኔ ያደርሳል፣ የናስ ሽታው ብቻ እጃችን ላይ ይውላል።

ጋሽ ወልዴ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ከቆርቆሮ ኩራዝ የሚሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። መልቀሙን እንደማንተው ሲያውቁ አንድ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጠው አስተማሩን።

«ቂጧን እዩ። መሐሏ ከተሰረጎደ ተመታለች፣ ሥራዋን ጨርሳለች። ካልተሰረጎደ እጃችሁን ሰብስቡና እኔን ጥሩ።»

«ፈተና አለው ጋሼ?» አለ ተስፋዬ፤ ሳቅን። ወዲያው የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለና ሮጥን።

በሦስተኛው ቀን ሙስጠፋ ጫፏ ላይ ያለው አረር ያልወጣ ጥይት አገኘ። ቂጧን አየ፤ ተሰርጉዷል። እንደተማረው ሞታለች ብሎ አረሯን ሊያወልቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መታት፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እዚያው ቀሩ። የጠመንጃው መርፌ መትቷት ሳትተኩስ የቀረች ጥይት ክሽፍ ትባላለች፤ ምልክቷ የሞተች፣ ሆዷ ግን ሙሉ።

በርበሬ ነጋዴው የሙስጠፋ አባት «የአላህ ቀደር ነው፣ ወልዴ» አሉ እንጂ አልወቀሱም። ጋሽ ወልዴ ግን «ክሽፍን አልነገርኳቸውም» ማለቱን አልተዉም። በየቀኑ ከሰዓት መዶሻቸውን አስቀምጠው ሙስጠፋን በግራ እጁ ፊደል ያስጽፉት ነበር። እሱ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ይጽፋል፤ እሳቸው አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

ለጋሽ ወልዴ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ደወሉ ሲደወል የመጨረሻው እኔ ነበርኩ፤ ጣታቸውን አንስተው «ቆዩ፣ ክሽፍ የምትባል ደግሞ...» ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። እንዳይረፍድብኝ ፈርቼ አልዞርኩም። ምናልባትም እሳቸውን ለማሳረፍ ብዬ በኋላ የፈጠርኩት ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ከድጃ፣ ተስፋዬ፣ እናንተ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ቀርባችሁ ተቀምጣችሁ ነበር፤ ሰምታችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። ሰውዬው «አልነገርኳቸውም» እንዳሉ ነው የሄዱት።