ላሚኔት የተደረገው ጭራቅ

ፓይን ሌክ ከተማ ውስጥ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ዕቃው ሲሸጥ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ ገዛሁ፤ ድሮ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ፣ ጭራቅና የጠፈር መርከብ የተሳለባቸው። ሀብት ነው ብዬ ቤት ገባሁ። ሚስቴ ግን፣ «ላም አለኝ በሰማይ! ወይ ቫሊዩ እንዳለው አሳየኝ፣ ወይ ጋርቤጅ ነው የምጥለው» አለች።

ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝና መማር ጀመርኩ። በቅርቡ በድጋሚ የታተመ ካርድ ጀርባው ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። የድሮው ደብዘዝ ይላል፤ አንዳንዴም የማስቲካው ቅባት ምልክት ይተውበታል። ከሁሉም በላይ ግን ማዕዘኑ! ማዕዘኑ ካልተላላጠ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ከዚያ ሁሉ ካርድ ማዕዘኑ ስል የሆነው አንድ አረንጓዴ ጭራቅ ብቻ ነበር። ሚስቴን አፍ የማስይዘው በዚህ ነው ብዬ ቻምብሊ ከተማ ካለ ሽማግሌ ካርድ ነጋዴ ቀጠሮ ያዝኩ።

ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት የሚስቴ አባት ደግሞ ወረቀት ራቁቱን ሲቀመጥ አይወዱም። የልጆቻቸውን የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ሁሉንም ላሚኔት ሲያስደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። በቀጠሮው ጠዋት ጭራቄን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጓል።

«አሁን ውሃ ቢነካውም ምንም አይለው። ጠርዙም እኩል አልነበረም፤ በመቀስ አስተካከልኩልህ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ክራቫታቸውን አስረው መኪናው ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ምን ላድርግ? ሄድን።

ነጋዴው ካርዱን አገላበጠ፣ ጠርዙን በማጉያ መነጽር አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የተከረከመና የታሸገ ካርድ ማንም አይገዛም ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ።

«ምን አለ?» አሉ አማቴ ዓይናቸው እየሳቀ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አንጀቴ አልጨክን አለ። «አይሸጥም፤ ቤታችሁ ስቀሉት አለ።»

«አዋቂ ሰው ነው» አሉኝ።

ቤት ስንገባ ለሚስቴ በጆሮዋ ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ እንኳን ልስቅ፣ ክርክሩን በመቀስ የተሸነፍኩ መሆኔ አንገብግቦኛል። አማቴ ጭራቁን ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ሰቅለው ሲያበቁ ዞር አሉ።

«ያ ካርቶን የት ነው? የቀሩትንም ነገ ወስጄ ላሳሽጋቸው።»

የሚስቴ ሳቅ ቀጥ አለ። ካርቶኑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መኝታ ቤት ገባች፤ በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ ሰማሁ።